ቪዛ ያልጠየቁ ለቀስተኞች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ እኔም ትንሽ ልናገር ብዬ ነው የተነሳሁት። መሪያችን ባገኘኝ ቁጥር "ጋሽ ታደሰ፣ መቼ ነው የምትመሰክረው?" ይለኛል፤ እኔም "ሰው እህል ይዞ ቆሟል፣ ወፍጮው እየጠበቀኝ ነው" እያልኩ አመልጥ ነበር። ዛሬ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል። ማምለጫ የለኝም። ስሙ ይባረክ!

ካፖርቱን ደግሞ አትዩት። በዚህ በከሚሴ ሙቀት ካፖርት የደረበው ምን ነክቶት ነው እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ቆይቼ እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቃችሁ። ስለ ቪዛ ነው የምመሰክረው። ስለ ቪዛ ሲመሰከር ብዙ ሰምታችኋል፤ ተጾመ፣ ተጸለየ፣ የቆንስሉ ልብ ራራ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተመታ፣ እልልታ ቀለጠ። የእኔ እንደዚያ አይደለም። እኔ አልተሰጠኝም። ግዴለም፣ አሜን በሉ! አልተሰጠኝም፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

በዚያን ጊዜ ጌታን አላውቀውም ነበር። ክፉ ሰው ነበርኩ ብዬ አላስደንቃችሁም፤ አልነበርኩም። ቤተሰቤ ቤተክርስቲያን ይስማል፣ እኔ በበዓል ብቅ እላለሁ፣ በቃ። የማምነው በሞተር ነበር። ዘይት ካደረግህለት ይሠራል፣ ካላደረግህለት ነክሶ ይቆማል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰው ሲያለቅስም የምለው ይጠፋኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ትከል ብትሉኝ እተክላለሁ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከም ብትሉኝ እሸከማለሁ። እንባ ግን ከእኔ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፤ ሰናይት ትባላለች። መጀመሪያ ዓረብ አገር ሄደች፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፣ አውሮፓ ገባች። የአገሩን ስም ልተወው፤ በረዶ ያለበት አገር ነው። አባታችን፣ አባባ የምንለው፣ ነጋዴ ነበር። በባቲ ገበያ ቀን ከአፋሮቹ ጋር ሲገበያይ ውሎ ሲመለስ፣ በጋቢው ጫፍ ተምር ቋጥሮ ይመጣል። ያንን ቋጠሮ ከሰናይት በቀር ማንም አይፈታውም። እኔ የበኩር ልጁ ነኝ፣ አንድም ቀን ፍታ አላለኝም። ልጅቷን እንደዚያ ነበር የሚወዳት።

አባባ አንድ ክረምት በድንገት ሞተ። ደረቴን አለ፣ ሐኪም ቤት አደረስነው፣ ሐኪሙ ወጥቶ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለን። ቀበርነው።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ ማለዳ በር ይንኳኳል፣ የሚደግፈው ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ከዚያ ይነገራል። ሰናይት ደግሞ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። የልጁ አባት ጥሏት ሄዷል። እዚያ ዘመድ የላትም፣ የአገር ሰውም አላገኘችም። "ትገላገል" ተባለ። ተገላገለች። "አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል" ተባለ። ከአራስ ቤት ወጣች። ያኔ "ማን ይንገራት?" ሆነ።

እሷ ደግሞ እሁድ እሁድ ትደውላለች። እናቴ ስልኩ ሲጮህ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ ትፈታና ነው የምታነሳው።

"እማዬ፣ ስልክ እኮ አያይም" እላታለሁ።

"ድምፄ ላይ ያስታውቃል" ትለኛለች።

ከዚያ ትስቃለች። እየሳቀች "አባትሽ ባቲ ሄዷል" ትላለች። በሌላው እሁድ "ጨፋ ማሽላ ሊያይ ወርዷል"፣ በሌላው "ሰንበቴ ገበያ በሬ ሊገዛ ሄዷል።" አባባ በሕይወቱ እንደዚያ ተዘዋውሮ አያውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ሻሿን መልሳ ታስራለች።

አንድ እሁድ ሰናይት አልቀበል አለች። "ካልሰማሁት አልዘጋም!" ብላ ጮኸች። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም፣ የአባባ የልብ ወዳጅ፣ ሊጠይቁን መጥተው ተቀምጠዋል። እናቴ ተጨንቃ ዓይን ዓይናቸውን ስታያቸው ጊዜ ተነሱና ጓዳ ገብተው ሳሉ። ረጅም ሳል። እናቴ "ሰማሽው? ጉሮሮውን ይዞት ነው፣ ድምፅ የለውም" አለቻት። ጋሽ ይማም ከጓዳ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። "አስተግፊሩላህ! በሞተ ወዳጄ ስም ልሳል?" አሉ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰናይት በመንገደኛ እጅ የሳል ሽሮፕ ላከች። ለአባባ! ጠርሙሱ መስኮት ላይ ተቀመጠ። እናቴ አትጥለው፣ ለሰው አትሰጠው፤ እያየችው ትውላለች። ቀጥሎ የጥሪ ደብዳቤ መጣ፤ "አንተና አባባ አብራችሁ ኑ፣ ልጄን እዩልኝ፣ ለአባባ ለብርዱ ካፖርት ገዝቼለታለሁ" የሚል።

እናቴ ያን ቀን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረች። "ሂድና ንገራት። ልጄ ብቻዋን ግድግዳ ይዛ አታልቅስብኝ።" ከዚያ ወዲያ ምግብ መቅመስ ቀነሰች። ልጅቷ ሳታውቅ እሷም አባባን እንዳትከተለው ፈራሁ።

ፓስፖርት አወጣሁ። የወፍጮ ቤቱን ንግድ ፈቃድ፣ የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ወረቀቱን ሰብስቤ አዲስ አበባ ወጣሁ። የተዋስኩት ሱፍ ብብቴን ይዞኛል። ኤምባሲው ውስጥ ከመስታወት ወዲያ አንዲት ነጭ ሴት፣ ከጎኗ አስተርጓሚ ልጅ ተቀምጠዋል።

"ለምንድነው የምትሄደው?"

"እህቴን ልጠይቅ።"

"ጥሪው የሁለት ሰው ነው። አባትህስ?"

"ሞቷል" አልኩ።

ሴትየዋ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው። ወረቀቱ አዲስ ነው። "መቼ ሞተ?" አለች። ነገርኳት። "ታዲያ ልጁ የሞተ ሰው እንዴት ትጠራለች?"

"አላወቀችም። የምሄደው ልነግራት ነው" አልኩ።

አስተርጓሚዋ ቀና ብላ አየችኝ። ገብቷታል፤ የእኛው ልጅ አይደለች? ብዙ አስረዳቻት፣ እጇን ሁሉ አወናጨፈች። ሴትየዋ ሰምታ ስታበቃ በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ለእኔ ስትነግረኝ አንገቷን ደፋች፤ "ስልክ የላትም ወይ? ነው የምትለው።"

ወገኖቼ፣ በሴትየዋ አልፈርድም። እሷ በቦታዋ ልክ ናት። አንዱ ወረቀት አባቱ አለ ይላል፣ ሰውየው የለም ይላል፤ እኔ ብሆንም አላምንም። ከሳምንት በኋላ ፓስፖርቴን መለሱልኝ፤ የጉዞው ምክንያት አላሳመነንም የሚል ወረቀት ውስጡ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ ከሚሴ ገባሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ፊቴን አየችና ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ነኝ። ያቺ ጥግ ላይ አቀርቅራ የተቀመጠችው እህት አስናቀች፣ አዎ አንቺን ነው፣ አትደበቂ፣ ማሽላ ልታስፈጭ መጣች። አስተማሪ መሆኗንና ጴንጤ መሆኗን ነው የማውቀው። ሞተሩ እየጮኸ "ጋሽ ታደሰ፣ ቪዛው እንዴት ሆነ?" አለችኝ። "ከለከሉኝ" አልኩ። ጌታ በር ይከፍታል ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምመልሰውም ነበረኝ። እሷ ግን "እህትህ የት ከተማ ናት?" አለች። ነገርኳት። "እዚያ እኮ ሰዎች አሉን" አለችኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት። "እናንተ ማን ማን ናችሁ?"

"ወገኖች ናቸው። የአበሻ ኅብረት አለ። ብትፈቅዱ ሄደው ይነግሯታል፤ ነግረው አይሄዱም፣ አብረዋት ይቀመጣሉ" አለች። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና "አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ንገረኝ፤ የማያውቁትን ሰው እንዴት ያለቅሱለታል?" አለችኝ።

እንደዚያ ብሎ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተናገርኩ። ስለ ባቲ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ቋጠሮው፣ እኔን ፍታ ብሎኝ እንደማያውቅ ሁሉ ተናገርኩ። ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፣ እኔ ወሬ ይዣለሁ።

እናቴ በጭራሽ አለች። "የማላውቀው ሰው? ያውም ጴንጤ? ለልጄ መርዶ?" ጋሽ ይማምን ጠራሁ። መጡ፣ "አካም ቡልታን፣ እትዬ ዘነቡ" ብለው ሰላምታ ሰጡና ተቀመጡ። ነገሩን ሰሙ።

"እትዬ ዘነቡ፣ አብሽሪ" አሏት። "ማንም ይሁኑ፣ ልጅቷ ብቻዋን አትሁን። ወላሂ፣ እዚያ ጀመዓ ቢኖረኝ የኔኑ እልክ ነበር። የለኝም። እነሱ አሏቸው። እኔ ሁለተኛ ጓዳ ገብቼ አልስልም።"

"ሕፃኑን መጀመሪያ ከእጇ ይቀበሏት" አለች እናቴ በመጨረሻ። ፈቀደች ማለት ነው። ጌታ ይባረክ!

እዚያ ሰናይት ቤት ማለዳ ነበር። አራት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ በሯን አንኳኩ፤ አንዷ ከሌላ ከተማ በባቡር የመጣች ነበረች። ጥቁር ለብሰዋል። በር ስትከፍት አንዷ "እስቲ ልቀፈው" ብላ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ሽማግሌው ነገራት። ጮኸች፣ መሬት ወደቀች፣ አነሷት። ወጥ ሠርተው መጥተዋል፤ ፍራሽ አንጥፈው አብረዋት አደሩ። ተራ እየገቡ ሳምንቱን አብረዋት ሰነበቱ። ይህን ሁሉ ቆይታ ነው የነገረችኝ።

የዚያን ቀን ስልክ ተደወለ። እናቴ ስታነሳው ሻሿን አልፈታችም። ተላቀሱ ብቻ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ደበቃችሁኝ ብላ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው? አባባን ያውቁታል እንዴ?"

"ኧረ አያውቁትም" አልኩ።

"ተምር ይዘው መጡ። በነጠላ ጫፍ ቋጥረው። ፍቺው አሉኝ።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! አባባን ስቀብር አላለቀስኩም። ድንኳን ስተክል ነበር። ያን ቀን ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። እናቴ ደንግጣ ውሃ ይዛልኝ መጣች።

በማግስቱ እሁድ ነበር፤ ወደዚህ ቤት መጣሁ። አመሰግናለሁ ብዬ ከበር ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የዚህ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ "ግባ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "ምን አግኝታችሁበት ነው? የማታውቁትን ሰው፣ የማታውቋትን ልጅ?" አልኳቸው። "እኛም በማናውቀው ሰው ነው የተጎበኘን" አሉኝ። "ኢየሱስ ማንም የጥሪ ደብዳቤ ሳይልክለት መጣ። መጥቶም ተቀመጠ፤ አልተመለሰም።" ሌላ ስብከት አላስፈለገኝም። እንደ ሞተር ፈትቼ ላየው ሞከርኩ፣ የሚፈታ አልሆነልኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእሱ ነኝ። ሃሌሉያ!

እናቴ ዛሬም በእሷው ቤተክርስቲያን ናት፤ እየበላች ነው፣ ደህና ናት። የሽሮፑን ጠርሙስ ከመስኮቱ ላይ አንስታዋለች። ጋሽ ይማም አሁንም እየመጡ ይጠይቁናል። ሰናይት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ልጇን ይዛ መጣች፤ ያው ከፊት ሆኖ ወንበሩን በእግሩ የሚመታው ነው። የአባባን መቃብር አይታ ስትመለስ ከሻንጣዋ ያን ጊዜ ለአባባ የገዛችውን ይህን ካፖርት አወጣችና "ጋሼ፣ አንተ ልበሰው" አለችኝ። የአባባ የሆነ ነገር ለእኔ ደርሶኝ አያውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ሙቀቱን ችዬ የለበስኩት።

እኔ ቪዛ ለምኜ ነበር። ጌታ ግን ከእኔ ቀድሞ እዚያ ሰው አስቀምጦ ነበር፤ ስሙ ለዘላለም ይባረክ! ከእናንተ መካከል ዛሬ ሻሿን ፈትታ እየሳቀች የተቀመጠች እናት ካለች፣ ዝም ብሎ ድንኳን የሚተክል ወንድም ካለ፣ ጌታ በራችሁ ላይ ቆሟል። ክፈቱለት። ብቻችሁን ግድግዳ ይዛችሁ አታልቅሱ።