የትም ብትነኩ ኃላፊው ይመጣል

ሰው የሚጫነው ሥዕሉን ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዲግሪ ያለው ነው የሚጠፋበት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ሶዶ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በከፈተችው የማታ ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ ሳሙናውንም የከብት መድኃኒቱንም የምገዛው ላዩ ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ ነበር። ከዚያ ዓመታት ቆጥሬ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተጋፍቼ የኮምፒውተር ሰርተፊኬት ያዝኩ። ለገበሬ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለስድስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ወይ የቋሚነት ደብዳቤ፣ ወይ ደህና ሁን። በአርባ ሦስት ዓመቴ ሌላ ቀጣሪ ከየት ይመጣል?

ዘመኑ የአንድ ለአምስትና የግምገማ ነበር። በአንዱ ግምገማ ላይ «ሕዝቡ መረጃ አያገኝም» ተባለ፤ መፍትሔውም ድረ ገጽ ሆነ። እንግዳ መቀበያው ክፍል አንድ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ከጉኑኖም ከበዴሳም የመጣ ገበሬ ማውዙን ይዞ የፈለገውን ራሱ ያገኛል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሠራው ግን የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ዲግሪ ያለው፣ ክራባት የማይፈታ፣ የእኔ አለቃ።

ገጹ ላይ ሳጥኖች ደረደረ። አንዱ ላይ ላም፣ አንዱ ላይ በቆሎ፣ አንዱ ላይ ዝንጅብል፣ አንዱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት። ከየሥዕሉ በታች ርእስ አለ፤ ከርእሱ በታች «ዝርዝሩን ለማንበብ» የምትል የጉንዳን እግር የምታህል ጽሑፍ። የሚከፈተው እሷን ሲጫኑ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ድንጋይ ነው።

«ሥዕሉን ቢጫኑትስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሥዕል ለማየት ነው። ሊንኩ ጽሑፉ ላይ ነው።»

«ማንበብ የማይችለውስ?»

«ማንበብ የማይችል ሰው ድረ ገጽ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳቅ ታውቃላችሁ፤ አለቃ ሲጀምር ሁሉም ይቀጥላል።

ተናደድኩና ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። ሲኤስኤስ የሚባለው የድረ ገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ ይህን ይችላል። ሊንኩን ከጽሑፉ ላይ ስቦ፣ እንደማይታይ ላስቲክ ሳጥኑ ላይ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው፤ ልክ የጠረጴዛ ልብስ እንዳይቆሽሽ ከላይ እንደሚነጠፈው ላስቲክ። ሥዕሉ ይታያል፤ የተጫኑት ግን ላስቲኩን ነው። ለሳጥኑ ደግሞ አንዲት መስመር ትጻፋለች፤ ላስቲኩን «ከዚህ እንዳታልፍ» የምትል። እሷ ከሌለች ላስቲኩ ድንበር አያውቅም፤ ገጹን በሙሉ ያለብሰዋል። እኔ እሷን መስመር ረሳሁ። የሞከርኩትም አንዱን ሳጥን ብቻ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ሳጥን። እሱ ይሠራል።

የኃላፊው ሳጥን ፎቶውና «መልእክት» የተባለው ንግግሩ ያለበት ነው። ከላይ የበላይ አካል መፈክር ስለተሰቀለ፣ ሰውዬው ትሕትና አሳይቶ «እኔን ከታች አድርጉኝ» አለ። ጉዱን ያመጣው ትሕትናው ነው። ላስቲኮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባበሩ፤ ከሁሉም በላይ የሆነው የመጨረሻው፣ የእሱ።

በምረቃው ቀን ኃላፊው ራሱ ማውዙን ይዞ ላሟን ተጫነ። የገዛ ፊቱ መጣ። ተመልሶ በቆሎውን ተጫነ። ፊቱ መጣ። ዝንጅብሉን ተጫነ። ያው ፊት መጣ።

«ይህን ማን ነው ያሰበው?» አለ።

«ጋሼ ናቸው የሠሩት» አለ ባለሙያው፣ እጁን ለመታጠብ ፈጥኖ።

ኃላፊው ተነሥቶ ጨበጠኝ። «ጎበዝ! ሕዝቡ ከመረጃው በፊት የአመራሩን ራዕይ ማወቅ አለበት። ሲስተም ማለት ይህ ነው!» ተጨበጨበ።

ኮሪደር ላይ ባለሙያው ጠጋ አለኝ። «ስህተት መሆኑን ያውቃሉ፣ አይደል? ታዲያ እንዳይነኩት። ደብዳቤዎ ሊፈረም ነው።»

አልነካሁትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደነበረ ተውኩት። ሌላውን ስሰድብ ራሴን አላልፍም፤ ለአንድ ደብዳቤ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከጉኑኖ ወገን አንዲት እናት መጡ። የከብት ክትባት በቀበሌያቸው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ማውዙን አስያዝኳቸው። ያለ ማንም ምክር ቀጥ ብለው ላሟን ተጫኑ። ኃላፊው ብቅ አለ።

«እኚህ ማናቸው?» አሉኝ በወላይትኛ።

«ኃላፊያችን ናቸው።»

ገጹን ወደ ኋላ መለስኩላቸው፤ ደግመው ላሟን ተጫኑ። «ላሟ የእሳቸው ናት እንዴ?» በቆሎውን ሞከሩ። «በቆሎውም የእሳቸው ነው!» ተራ የሚጠብቀው ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማውዙን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ እጄ ጭቃ ነበረው። አበላሸሁባችሁ መሰለኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ያበላሸሁት እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው! እዚያው ቁጭ አልኩና የረሳኋትን መስመር ጻፍኩ። ደቂቃ አልፈጀም። «አሁን ይጫኑ» አልኳቸው። ላሟን ሲጫኑ የክትባቱ ገጽ መጣ። ግማሹ ስለ ስኬታችን ነው፤ ከታች ሰንጠረዥ አለ። አነበብኩላቸው፤ ሐሙስ ነው።

«ይኸው ነው?» አሉኝ። «ሐሙስ ነው ለማለት ነው ይህ ሁሉ? በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቢነግረንስ?»

እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

በዚያው ሳምንት ከክልል እንግዶች መጡ። ኃላፊው በኩራት «የፈለጋችሁትን ተጫኑ» አላቸው። አንዱ ላሟን ተጫነ፤ ክትባት መጣ። ከረጢቱን ተጫነ፤ ማዳበሪያ መጣ። እንግዶቹ ወደዱት። ኃላፊው ግን እስከ መኪናቸው እንደሸኛቸው ቢሮው አስጠራኝ። ባለሙያውም ተቀምጧል።

«የአመራሩን መልእክት ያጠፋው ማን ነው?»

«አልጠፋም። የእርስዎን ፎቶ ሲጫኑ እርስዎ ይመጣሉ። ላም ሲጫኑ የላም ነገር ይመጣል።»

«እንደነበረ መልሰው።»

ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የሴትዮዋ እጅ ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ ነበር። «ስህተት ነበር፤ ስህተት አልመልስም» አልኩ።

«አንተ መልሰው» አለው ባለሙያውን። ባለሙያው ግማሽ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቶ ዋለ። ክራባቱን እንኳ ፈታ። የትኛዋ መስመር እንደጎደለች መጀመሪያም አላወቀም፤ ስህተቱን ለመድገም ስህተቱን መረዳት ያስፈልጋል። ማታ ላይ «ቨርዥኑ አይፈቅድም» ብሎ ሪፖርት አደረገ። አመኑት።

ስድስቱ ወር ሲያልቅ ከሰው ሀብት አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ሰጪዋ ልጅ አዝናልኝ ነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ላንብብልዎት?» አለችኝ። ቀደድኩና እዚያው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «ለመደቡ የሚመጥን ግንዛቤ ስለሌላቸው» የሚለውን ሁለቴ።