የጋሽ አብዱሰመድ ጉድጓድ

ጋሽ አብዱሰመድ የቅሬያችን፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ጠሪ ናቸው። ሰው ሲሞት የማሽላ መጠበቂያው ማማ ላይ ወጥተው የሟቹን ስምና የሚቀበርበትን ቦታ ይጣራሉ። እስላም ሞተ ክርስቲያን፣ ቅሬው አንድ ነው። ጥሪ ሰምቶ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ደግሞ ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ድምፃቸው ዕድሜ ልኩን ከማሽላ ላይ ወፍ ሲያባርር የኖረ ነው። ሚስታቸው መሪማ "ጆሮዬን አደነቆሩኝ" እያሉ ነው አብረዋቸው ያረጁት።

በ2014 ጥቅምት፣ መርሳ በታጣቂዎች እጅ ሳለች፣ የጎረቤታችን የአማከለች አንድ ልጅ አንዳርጋቸው ከሰፈራችን በላይ ባለው ጋራ ሲዋጋ ወደቀ። የያዘው የአባቱን አሮጌ ምንሽር ነበር። የታጣቂዎቹ አለቃ "ማንም አያንሳው፤ ለሌላው ትምህርት ይሁን" አለ። ቅሬ የጠራም ይገደላል ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ከጋራው ላይ አሞራ ሲዞር፣ እኛ ወንድ ተብለን የምንቆጠረው ሁሉ ቤታችን ተወሽቀን አየን። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማከለች መጥታ ጋሽ አብዱሰመድ ደጅ ላይ ተቀመጠች።

"ይጥሩልኝ አልልዎትም። ይገድሉዎታል" አለች።

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"የት ልሂድ?"

ጋሽ አብዱሰመድ ዱላቸውን ይዘው ማማው ላይ ወጡ። ታጣቂዎቹ ከአስፋልቱ ማዶ ሻይ እየጠጡ ያዩአቸዋል።

"የቅሬ ሰው፣ ስማ! የአማከለች ልጅ አንዳርጋቸው አርፏል፤ ቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው! አብዱሰመድም አርፏል፤ ቀብሩ እስላም መቃብር ነው! ቆፋሪ ለሁለት ተከፈል!"

ያበዱ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። የጠራ ይገደላል ተብሏል፤ እሳቸው ከሞቱ ደግሞ ለእሳቸው የሚጠራ የለም። ስለዚህ የራሳቸውንም አስቀድመው ጠሩ።

"አንቱ ሰውዬ፣ በቁምዎ?" ብለው መሪማ እየጮኹ ወጡ። ከዚያ አንዱ አካፋ ይዞ ወጣ፤ ሌላው ዶማ። እኔም ወጣሁ። ፍርሃቴ ለቆኝ አይደለም፤ ከቅሬ መውጣት ከጥይት ይልቅ ስላስፈራኝ ነው። ጥሪ ከተጠራ ጉድጓድ ሳይቆፈር አይታደርም፤ እኔ የደረሰኝ የጋሽ አብዱሰመድ ነበር። ሰውዬው ደግሞ ቁመታቸው ለጉድ ነው፤ በዚያ ድንጋያማ መሬት አስለፉን።

የቀረው ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ፣ እሳቸውን አስቀድሞ ጋራውን ወጣ። የሆነውን አብረው የነበሩት ነግረውኛል። አለቃው መንገድ ዘግቶ ቆመ።

"አንተ ሽማግሌ፣ አልከለከልኩም?"

"ከልክለሃል፤ ሰምቻለሁ። ጉድጓዴ እየተቆፈረ ነው። የምታደርገውን ቶሎ አድርግ፤ ቆፋሪዎቼ ማሽላ የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው፣ ሥራ አታስፈታቸው።"

አለቃው ጠመንጃውን አነሳ። ከጋሽ አብዱሰመድ ኋላ አገሩ ሁሉ፣ አሮጊቱም ነፍሰ ጡሯም ቆሟል፤ አንድም ሰው ወደ ኋላ አላለም። አዘነ አልልም፤ ያን ሁሉ ሰው መጨረስ ከብዶት ይሆናል። "ቅበሩና ጥፉ!" ብሎ አፈሙዙን አወረደ። አንዳርጋቸው በቀትር፣ እናቱ ፊት፣ በወጉ ተቀበረ።

የጋሽ አብዱሰመድ ጉድጓድ ግን ባዶውን ቀረ። ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ሽማግሌዎች "ባዶ መቃብር ሰው ይጠራል፤ ይደፈን" አሉ።

"ሞት የአላህ ነው፤ በዚህ አገር የሚጠራው ግን እኔ ነኝ። አይደፈንም" አሏቸው።

ከከተማ ደግሞ የኮሚቴ ሰዎች መጡ። ለተዋጉት ሐውልት ልናቆም ነው፣ ቦታ ያሳዩን አሉ። ጋሽ አብዱሰመድ ወስደው ጉድጓዱን አሳዩአቸው።

"አባት፣ ይሄ እኮ ጉድጓድ ነው" አለ አንደኛው።

"አዎ። ታጣቂዎቹ በእኔ ሊሞሉት ነበር፤ አልቻሉም። ሌላ ሐውልት ከፈለጋችሁ የትም አቁሙት።"

ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጉድጓዱን አፈር ይሞላዋል። ባለፈው ነሐሴ አካፋዬን ይዤ ልጠርግላቸው ሄድኩ። የቀደመኝ ሰው አለ። አማከለች እጉድጓዱ ውስጥ ቆማ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አፈሩን በቁና ታወጣለች። ጋሽ አብዱሰመድ ከላይ ሆነው ይቀበሏታል።

"ውጪ፣ እኔ ልጥረገው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ልጄ መቃብር ያገኘው በዚህ ነው። እኔ እያለሁ አይደፈንም" አለችና ቁናውን ሞላችው።