ከግራ ሦስተኛው ተሸካሚ

ሃያ ሁለት ዓመት በቴአትር ቤት ስትሠራ አንድም ቴአትር ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም። ሥራዋ ትኬት መቅደድና ሰውን ወደ ወንበሩ መምራት ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ለሚመጡ አርፋጆች በእጅ ባትሪ መንገድ ስለምታሳይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ባትሪ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት ባሏና የጽሕፈት ቤቱ ፋይል ብቻ ናቸው።

ስለ ትወናና ስለ ዘፈን ግን ከእሷ ጋር መከራከር የሚደፍር አልነበረም። በሩ ጋ ቆማ፣ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ፣ በጆሮዋ ብቻ ትመዝናለች። ሳቁን ሰምታ የትኛው ቀልድ እንደተነገረ፣ የተመልካቹን ሳል ሰምታ የትኛው ትዕይንት እንደተንዛዛ ታውቃለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ጫማዋን እያወለቀች ፍርዷን ትሰጣለች።

«ዋናው ተዋናይ ዛሬ ቃሉን ሲያላምጠው ነው የዋለው» ትላለች። ወይም፣ «ያቺ ዘፋኝ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ስትደርስ ጅራቷ ላይ በር የተዘጋባት ድመት ነው የምትመስለው።»

ባሏ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አንዳንዴ «እንዴ» ይላል፤ ሌላ ጊዜ «ነው?» ይላል። ከዚያ በላይ ከእሱ መጠበቅ ከደረቀ ቧንቧ ውኃ መጠበቅ ነበር። ቧንቧ ደግሞ የገዛ ሥራው ነው። በውኃ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ፈጅቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህም የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በየሰፈሩ የሚያንጠባጥበውን ይጠግናል። ጎረቤቶቹ «ጋሼ ዝም» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እሷም ሰው ሲጠይቃት «የኔ ሰውዬ ጆሮ ብቻ ነው የተሰጠው» ትላለች።

በጋ ሲገባ ከተማው ቴአትር በቴአትር ይሆናል። በዚያ ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳው ሞልቶ ፈስሶ ነበር። በትንሹ አዳራሽ የልጆች የአሻንጉሊት ቴአትር፣ በትልቁ አዳራሽ ኮሜዲ፣ በአሮጌው መጋዘን ውስጥ አንጀት የሚያላውስ ድራማ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ በትልቁ መናፈሻ፣ በጠራው ሰማይ ሥር፣ ለሦስት እሑዶች ከቀኑ በአሥር ሰዓት ኦፔራ ይታያል። እትዬ ባትሪ ሁሉም ጋ ተመድባ ነበር። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትሮጥ እግሯ ያብጣል፤ ቢሆንም ይህን ወር ከዓመቱ ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች።

የዚያ ዓመቱን ግን አልወደደችውም፤ ባሏ ላይ የሆነ ነገር ሸትቷት ነበር። ክረምቱ ካለቀ አንስቶ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ይወጣል። «ለጉልበቴ ፊዚዮቴራፒ» ይላል። ቀኝ ጉልበቱ እውነትም ያመዋል፤ እሱን አልተጠራጠረችም። ያልገባት ነገር፣ ከመውጣቱ በፊት ጢሙን መላጨቱና ሲመለስ ፊቱ ወዝ ማውጣቱ ነው።

«ጉልበቱን ለማሳሸት ጢሙን የሚላጭ ወንድ እኔ አይቼ አላውቅም» አለቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች።

ኦፔራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ባትሪ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ገለበጠች። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ የቧንቧ ቁጥር መጻፍ የለመደ ሰው ትላልቅ ፊደል። ቃላቱ ግን በምንም ቋንቋ የማታውቃቸው ነበሩ። አንዱ ሰባት ጊዜ ተደጋግሟል፤ «ሪቶርና፣ ሪቶርና» ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ «እዚህ ላይ በደንብ ተንፍስ» ተብሎ ተጽፏል።

የመታጠቢያ ሳፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እጇ ላይ ያለው አረፋ እስኪደርቅ አልተነሳችም። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ስሟ ነዋ። የውጭ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም።»

«በዚህ ዕድሜው?»

«ዕድሜ ምን ያደርጋል? ጉልበቱ እንደሆነ ታክሟል።»

እትዬ ባትሪ አልሳቀችም። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰችው። የበጋው ሥራ እስኪያልቅ አፏን ልትዘጋ፣ ሲያልቅ ግን እሱንም ሪቶርናንም አንድ ላይ አስቀምጣ ልታነጋግር ወሰነች። እስከዚያው እራቱን እያቀረበች ፊቱን አታይም። እሱ ደግሞ ዝም ማለቷን እንኳ ልብ ያለው አይመስልም፤ ዝምታ እሱ ዘንድ እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። ባሏ ጠዋት «አንድ ጓደኛዬ ቤት ቧንቧ ፈንድቷል» ብሎ ወጣ፤ የመፍቻ ሳጥኑ ግን በር ኋላ ቁጭ ብሏል። አየችው፤ ዋጥ አድርጋው ወደ ሥራዋ ሄደች።

መናፈሻው ውስጥ ሣሩ ላይ አራት መቶ ታጣፊ ወንበር ተደርድሯል፤ ፊት ለፊት ትልቅ የእንጨት መድረክ፣ ከጎኑ ኦርኬስትራው። ግድግዳ የለም፣ በር የለም፤ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ፣ ልጇ ሊሆን የሚችል ትሑት ወጣት፣ በግራ በኩል መተላለፊያው ላይ አቆማት። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ መድረኩ አዙራ ልትቆም ነው። ገና ቀን ቢሆንም ባትሪዋን ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች፤ ያለ እሱ ራቁቷን የቆመች ይመስላታል።

ታሪኩ ቀላል ነበር። አንዲት የመርከበኛ ሚስት ወደብ ላይ ቆማ ባሏን ትጠብቃለች፤ መርከቡ አይመጣም። ሴትዮዋ ዘፍና ስትጨርስ አሥራ ስድስት የወደብ ተሸካሚዎች ጆንያ በትከሻቸው አድርገው ገቡ። ከግራ ሦስተኛው ጆንያውን ሲያወርድ ሰውነቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ቀኝ ጉልበቱን አሳረፈ።

እትዬ ባትሪ ያንን ዘንበል ማለት ታውቀዋለች። በየማለዳው ከአልጋ ሲነሳ የምታየው ነው። መምሰል ነው አለች በሆዷ፤ ሰው ሰውን ይመስላል። ተሸካሚው ላቡን በመዳፉ ሳይሆን በእጅ አንጓው ጀርባ ጠረገ፣ መዳፉ ሁልጊዜ ግራሶ እንደሚሆንበት ሰው። የያዘቻቸው የፕሮግራም ወረቀቶች ሣሩ ላይ ተበተኑ።

አርፍደው የመጡ ባልና ሚስት ትኬታቸውን ዘረጉላት። «ስምንተኛ ረድፍ የት ነው?»

«ሦስተኛው ነው» አለች። «ከግራ።»

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ሄዱ። በዚህ መሀል የሌሎቹ ተሸካሚዎች ዘፈን ዝቅ አለና ሦስተኛው ተሸካሚ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ባሕሩ ያለበትን አቅጣጫ አየ፤ ደረቱ ሞላ።

«ሪቶርና» ብሎ ዘፈነ።

ድምፁ ወፍራምና ሰፊ ነበር፤ ብዙ ያልተሞረደ፣ ግን ከታች ጀምሮ የሞላ። ከፊቷ የተቀመጠች ሴት የምታራግብበትን ወረቀት አቆመች። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ ባትሪ የሰውን ድምፅ ስትመዝን የኖረችበት ጆሮ አልታዘዛት አለ። ያ ድምፅ ጠዋት «ጨው አቀብዪኝ» ካላት አፍ እንደሚወጣ ዓይኗ ይነግራታል፣ ልቧ አይቀበልም። መተላለፊያው ሣር ላይ ቁጭ አለች።

ወጣቱ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ መጣ። «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ፀሐዩ ነው?»

«ባሌ ነው።»

«የቱ?»

«የሚዘፍነው።»

ወጣቱ መድረኩን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። «ባለቤትዎ የቧንቧ ሠራተኛ አይደሉም እንዴ?»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው» አለች። ከዚያም፣ «ሪቶርና ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ፕሮግራሙ ላይ አለ እትዬ። ‹ተመለስ› ማለት ነው።»

ዕረፍት ሲሆን ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ድንኳን ሄደች። ባሏ የተሸካሚ ልብሱን እንደለበሰ ጥግ ላይ ቆሞ ለብ ያለ ውኃ ይጠጣል። ሲያያት ኩባያውን አስቀመጠ።

«መጣሽ» አለ።

ወዲያው ዘፋኞቹን የምታስተምር አጭር ሴት በመሀላቸው ገባች። «ባለቤቱ ነዎት? ደስ ሲል። እኛኮ ያገኘነው ከወለል ሥር ነው። የልምምድ ክፍላችን ቧንቧ ፈንድቶ ሊሠራ መጣ፤ ከሥር ሆኖ እያንጎራጎረ ይፈታል ያስራል። የዘፋኞቹ ቡድን፣ ኳየሩ በሙሉ፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጠው እሱ አላወቀም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከኛ ጋር ይለማመዳል።» ሳቀችና ወደ ሌሎቹ ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?» አለች።

«ከኔ ጋር።»

«አንተማ አትዘፍንም።»

«እዘፍን ነበር።» ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን ማሻሸት ጀመረ። «በተጋባን በሁለተኛው ወር ኩሽናውን ቀለም ስቀባ እየዘፈንኩ ነበር። እህቶችሽ መጥተው ነበር። በር ላይ ቆመሽ ‹ማነው ቆርቆሮ የሚጎትተው?› አልሽ።»

እትዬ ባትሪ አእምሮዋን በረበረች። ኩሽናው ትዝ አላት፣ ሰማያዊው ቀለም ትዝ አላት። ያንን ቃል ግን ልታገኘው አልቻለችም። «ስቀልድ ነዋ» አለች፣ ድምጿ አንሶ።

«አውቃለሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።»

«ለአንዲት ቀልድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አፉን ይዘጋል?»

«ቂም አልያዝኩብሽም። ብቻ ከዚያ በኋላ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ማታ ማታ ስለ ዘፋኞቹ ስታወሪ እሰማለሁ። ድመት ትያለሽ፣ ዘይት ያጣ በር ትያለሽ። ተምረው እንዲህ የተባሉ እኔን ምን ልትለኝ ነው አልኩ። እዚህ ካሉት አራት መቶ ሰዎች የምፈራው አንቺን ብቻ ነው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስላት ነበር። ደወል ተደወለ፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ማንሳት ጀመሩ።

የሁለተኛውን ክፍል አንድም ዜማ አልሰማችም። ገመዱን ይዛ ቆማ፣ ቤቷ ገብታ ስታራግፈው የኖረችውን ቃል ሁሉ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ በነበረው ሰው ጆሮ መልሳ ትሰማው ነበር።

ወደ ቤት አብረው በእግራቸው ሄዱ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ስለ ወረቀቱ ነገረችው፤ ሪቶርና የተባለች የውጭ አገር ሴት እንደያዘ ማመኗን፣ ልብስ ሰፊዋ ያለችውን፣ ሁሉንም። እሱ ቆመ። ከዚያ ሳቅ ያዘው፤ ጉልበቱ አልችል ብሎት የሰው ግንብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እንባው እስኪወርድ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ እሷም ሳቀች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸሚዝህን በንዴት ነው የተኮስኩት» አለችው።

«ለካ አንገቴን ሲከረክረኝ የከረመው ለዚህ ነው።»

ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ስልክ ደወለች። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «እማዬ፣ ሙቀቱ ነው። ውኃ ጠጪና ጋደም በዪ» አለቻት። ሦስተኛው እሑድ ላይ ግን በዓይኗ ልታይ መጣች።

በዚያ ቀን ወጣቱ ኃላፊ ለእትዬ ባትሪ ፈቃድ ሰጥቶ አራተኛ ረድፍ ላይ አስቀመጣት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ አንድ ሰው ዘግይቶ ሲገባ ልትነሳ ብድግ አለች፣ ልጇ ጎትታ አስቀመጠቻት። ተሸካሚው ብቻውን ሲወጣ ልጅቷ የእናቷን ክንድ እስኪያማት ጨመቀችው። «የኛ አባት?» አለች። ደጋግማ ያንኑ አለች።

ሲያልቅ ባሏ ላቡን ሳይጠርግ መጣ። ልጁን አቀፈ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እንዴት ነበር?»

ፍርዷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ የዘመናት ልማድ ነው። ልትውጠው ሞከረች፣ ግን የሚዋሽ ምላስ አልተፈጠረላትም። «ሁለተኛው መስመር ላይ ቸኮልክ» አለች። «የቀረውን ግን ነገም ብትዘፍነው ቆሜ እሰማሃለሁ።»

ባሏ ፈገግ አለ። «መምህርቷም ስለ ሁለተኛው መስመር እንዲሁ ብላኛለች።»

ከዚያ ወዲህ አራት በጋ አለፈ። በየዓመቱ ኳየሩ ውስጥ ነው። መምህርቷ ትልቅ ድርሻ ልትሰጠው ለምናው እምቢ አለ፤ ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አሁንም ብዙ አያወራም፣ አይዘፍንምም። እሷ «ዝፈንልኝ» ብላው አታውቅም፤ ያንን ለመጠየቅ መብቱ ያላት አይመስላትም። ኦፔራው በሚታይባቸው እሑዶች ትመጣለች፤ ግራው መተላለፊያ ላይ ፊቷን ወደ መድረኩ አዙራ ትቆማለች። እሱ ወደ ፊት ሲወጣ ትኬት የሚያሳያት ሰው ካለ ባሏ ዘፍኖ እስኪጨርስ ይጠብቃታል።