የቀይ ክር ባዶ ሻንጣ

ሰዎች «ቀይ ክር» ይሏታል። ስም አጥታ አይደለም፤ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ እጇ ከቀይ ክር ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። እያንዳንዱ አንሶላ ጥጉ ላይ የመጣበት ዋርድ ቁጥር በቀይ ክር ይሰፋበታል፤ ሰፊዋ እሷ ናት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ሲያበቃ ቁጥሩ ታይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቁጥር የሌለው ግን ጠፋ ማለት ነው። ከበሩ ጀርባ ያለችው መደርደሪያ ላይ ይወረወራል፤ የኔ ነው የሚል አይመጣም፤ ከርሞ ከርሞ የወለል መወልወያ ይሆናል። ቀይ ክር ያቺን መደርደሪያ አትወዳትም። በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት፣ አባቷ በሕፃንነቷ ሞቶ ለብቻዋ ያሳደገቻት አንድ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ምን ታደርጋለች? በዘር ማንዘራቸው የዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠ የለም። ሌላው ቤተሰብ ልጁን ምን ብሎ መክሮ እንደሚሸኝ አታውቅም፤ የምታውቀውን አደረገች። መርፌዋን አነሳችና በልጅቷ ጓዝ ላይ ሁሉ፣ በአንሶላው፣ በፎጣው፣ በጃንጥላው ማሰሪያ ሳይቀር፣ የቤታቸውን ቁጥር ሰፋችበት። 14።

«እማዬ፣ ካልሲም?» አለች ልጅቷ ሳቋ እያመለጣት።

«ካልሲ ያልጠፋ ማን ይጠፋል! የት እንደሚመለስ የማያውቅ ነገር ሁሉ ይጠፋል።»

«ታዲያ እኔንስ ምኔ ላይ ልትሰፊብኝ ነው?»

«ነይ፣ ጆሮሽን አምጪ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። የሳቁት እንዳያለቅሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማድረቂያው ማሽን እያጓራ ሳለ የቀይ ክር ስልክ ጮኸ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። እያለቀሰች ነው። «ነይና ውሰጂኝ። እኔ ለዚህ ቦታ አልሆንም።»

«ማን ምን አደረገሽ?»

«ማንም ምንም አላደረገኝም። ብቻ ነይ።»

ቀይ ክር መርፌዋን አስቀመጠች። ከጎኗ አንሶላ የሚተኩሰው ሰውዬ ነገሩን ከፊቷ አነበበው። በዚያ ክፍል ሰው በያዘው ዕቃ ነው የሚጠራው፤ እሱን ጋሽ ካውያ ይሉታል።

«ልጅቷ ናት?»

«ላመጣት ነው። አለቃ እዚሁ ሥራ አያሳጧትም፤ ድሮውንም ነግረውኛል።»

ጋሽ ካውያ ካውያውን አቆመው። በሥራ ሰዓት ካውያ ሲያቆም ታይቶ አያውቅም።

«ስሚኝ እህቴ። የኔም ልጅ እንዲሁ ደወለ። በሩጫ ሄጄ፣ ዕቃውን በትከሻዬ ተሸክሜ አመጣሁት። ያን ቀን እንደኔ ያለ አባት የለም ብዬ ነበር። ይኸው አምስት ዓመቱ። ጓደኞቹ ሲመረቁ ፎቷቸውን አይቶ በሩን ዘግቶ ተኛ። አንድ ነገር ሳልጠይቀው ነው ያመጣሁት።»

«ምን?»

«ከማን ጋር ነው የምትበላው ብዬ። ልጄ ትምህርቱ ከብዶት አልነበረም፤ ብቻውን እየበላ ነው የተመለሰው። ያንቺዋም ‹ብቻዬን› ካለችሽ ሻንጣ እንዳታወጪ። እስከ አንድ ሰው በር ድረስ ሸኚያት። በሩን ግን አንቺ እንዳታንኳኪላት!»

ቀይ ክር አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ቅዳሜ ማለዳ ግን ትልቁን ሻንጣ ባዶውን ይዛ አውቶብስ ላይ ወጣች። ውስጡ መርፌ፣ መቀስና ቀይ ክር ብቻ ነበር፤ እነሱንማ ሳትይዝ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥበቃ ሻንጣውን አስከፍቶ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ግራ ገባው። «ምን ሊሞሉበት ነው እናቴ?» አላት። ሻንጣውን ዘግታ አለፈች።

ወደ ዶርሙ የሚወስደው መንገድ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ነበር። ግድግዳው መስታወት ነው። ቀይ ክር ቆም ብላ ወደ ውስጥ አየችና አፏን ከፍታ ቀረች። መጻሕፍቱ ወለሉን ለቀው እስከ ጣሪያው ወጥተዋል። ከሥራቸው በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች አቀርቅረው ተቀምጠዋል፤ ትንፍሽ የሚል የለም። ያን ያህል ሰው ያለ ድምፅ ተቀምጦ ያየችው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ዝምታው የፍርሃት ነው። ለዚህኛው ዝምታ ስም አጣችለት። እውነት የኔ ልጅ እዚህ መሀል ትቀመጣለች? አለች በልቧ። ሳይታወቃት ሻንጣውን ከኋላዋ ደበቀችው።

የልጅቷ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቁጥር 31 ነው። አብራት የምትኖረዋ ልጅ ለቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ከቆሙ በኋላ ቀይ ክር ዓይኗን ወደ አልጋው ወረወረች። ፍራሹ ራቁቱን ነው።

«አንሶላሽስ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም አጥባ ግቢው ገመድ ላይ አስጥታው ነበር። በዚያ ሕንፃ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ ከመሸ በኋላ ገመድ ላይ የቀረ ልብስ ይሰበስባሉ፤ ቁጥር ካዩበት ልብሱን ያ ቁጥር ላለው ክፍል ያደርሱታል። 14 የሚል አዩ። ምድር ላይ ላለው አሥራ አራት ቁጥር ክፍል አስረከቡ።

«ሄደሽ አልጠየቅሽም?»

«ሄጄ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ፣ አንሶላዬ ጠረጴዛቸው ላይ ታጥፎ አየሁት። እየተሳሳቁ ነበር። ‹የኔ ነው› ማለት አቃተኝ እማዬ።»

ቀይ ክር እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዳይጠፋ ብላ የሰፋችው ቁጥር ነው ያጠፋው። በገዛ እጇ የልጇን አንሶላ ሰው ክፍል ልካ፣ ልጇን ባዶ ፍራሽ ላይ አስተኛቻት!

«ቆይ፣ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ!» ብላ ብድግ አለች። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ሲደርስ ካውያውን ያቆመው ሰውዬ ትዝ አላት። ዞር ብላ፣ «ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አለች።

«ብቻዬን።»

ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ልትከፍተው ቋምጣ ነበር። ቤቱ ጭር ብሎባታል፤ ሁለት ብርጭቆ አውጥታ አንዱን የምትመልስበት ቀን ቁጥር የለውም። ልጅቷን ይዛ ብትመለስ የሚቀየማት ሰው የለም፤ ልጅቷም ራሷ ታመሰግናታለች። ለአምስት ዓመት ያህል ታመሰግናታለች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ትተኛለች።

«ተነሺ የኔ እመቤት» አለቻት። «እስከ ደረጃው አብሬሽ እወርዳለሁ። በሩን የምታንኳኪው ግን አንቺ ነሽ።»

ቀይ ክር የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ልጅቷ በሩ ፊት እጇን አነሳች፤ መለሰች፤ ዞር ብላ እናቷን አየች። እናትየው እግሯ እየተቁነጠነጠ ንቅንቅ ሳትል ቀረች። ከሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራ ይህ ከበዳት። በመጨረሻ ልጅቷ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ «አንሶላው የኔ ነው» ስትል ከውስጥ አንዷ ጮኸች።

«ጉድ! ቀይ ክር መጣች!»

እናትየው ደረጃው ላይ «አቤት» ልትል ምንም አልቀራትም። የተጠራችው ግን ልጅቷ ነበረች። የአሥራ አራት ቁጥር ልጆች ባለቤቱ የጠፋባቸውን አንሶላ ታቅፈው ሁለት ሳምንት ሙሉ «ይቺ ቀይ ክር ማን ናት?» ሲሉ ከርመዋል፤ ማስታወቂያ ሳይቀር ለጥፈው ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከሰው ሽሽት በማስታወቂያው ሰሌዳ በኩል አታልፍም።

«ይቅርታ አድርጊልን፣ ከስፌቱ የተረፈች ጫፍ ቆርጠን ላብራቶሪ ወስደናታል» አለች አንደኛዋ። «እንዲህ ያለ የእጅ ስፌት አይተን አናውቅም። ማን ነው የሰፋው?»

ልጅቷ ወደ ደረጃው አመለከተች። «እናቴ ናት» አለች፤ ድምፅዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰው ድምፅ ሆነ።

ላብራቶሪው ቅዳሜ ለልምምድ ክፍት ነበርና ጎትተው ወሰዷቸው። ልጅቷ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ማስተካከያውን በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ አዞረች። ቀይ ክር ያንን እጅ ታውቀዋለች። መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ የራሷ እጅ ልክ እንደዚያ ነው።

«ነይ እማዬ፣ እዚህ ጋ እዪ።»

መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነው። ከዚያ ብርሃን። ከዚያ ሰፋፊ ቀያይ ነገሮች፣ እየተጠማዘዙ ከዳር እስከ ዳር ሲያልፉ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንቺ ክር ነዋ! ክሩ ውስጥ ያለው ጥጥ ነው።»

«ወይ አምላኬ! ይሄማ ጨምቀን ያወጣነው አንሶላ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ፤ አንዷ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «እውነታቸውን እኮ ነው፣ ጥጥ እንዲሁ ተጠማዝዞ ነው የሚደርቀው» አለች። ቀይ ክር አልሰማቻትም። ሃያ ሁለት ዓመት በጣቶቿ መሀል ያለፈው ነገር ውስጡ ይህን ይመስል ኖሯል! ፈራችም፣ ደስም አላት፣ ሰውነቷን ነዘራት። ኢምንት ክር ይዞ «ውስጥሽ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ቦታ በምድር ላይ አለ፤ ልጇም ከጠያቂዎቹ አንዷ ናት። ዓይኗን ከዚያ ላይ ማንሳት አልቻለችም። ያነሳችው እንባዋ መስታወቱን ሲያደበዝዝባት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀይ ክር 31 ቁጥር ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን ከፈተች። መቀሱን አውጥታ 14ን አንድ በአንድ ፈታችው። ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው እማዬ፣ እኔም ልፈታው ብዬ ልቤ አልቆርጥልኝ ብሎ እኮ ነው የተውኩት።»

«ለዚህ ነው እኔ የምፈታው።»

ከዚያ አዲስ ክር አስገብታ ሰፋች። 31። አንሶላው ላይ፣ ፎጣው ላይ፣ ካልሲው ላይ። የአንሶላው አንድ ቁጥር ወደ ጎን ዘመመ፤ አላረመችውም። በሩ ተንኳኳ። የአሥራ አራት ቁጥር ልጆች ናቸው፤ «ቀይ ክር፣ እራት አትሄጂም?» አሉ። ልጅቷ ተነሳች፣ ሻንጣውንም አየችው። ባዶ ነው። ለምን ባዶውን እንደመጣ ገባት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ልትወስጂኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

ቀይ ክር ሻንጣውን ዘጋችና በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ከተተችው።

«እዚሁ ይቀመጥ» አለች። «ስትመረቂ ዕቃ ይበዛብሻል።»

ልጆቹ ወደ እራት ሲወርዱ እሷ ባዶ እጇን ወደ አውቶብሱ ሄደች።