ጠቋሚዋ የቆመችበት ሳጥን

በደርግ ጊዜ ቦሌ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ነበርኩ። ሠራተኛን የሚመለከት ማንኛውም ጥያቄ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ከሥሩ «ይፈቀድ» እና «ይከልከል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይታያሉ፤ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚጸድቀው ብልጭ ድርግም የምትለው ጠቋሚ የቆመችበት ነው። እኔም ለአብዮቱ ጥንቃቄ ብዬ ሁልጊዜ «ይከልከል» ላይ ቆማ እንድትጠብቅ አደረግኋት። ጓድ ኃላፊያችን ደግሞ ማኅተም መምታት እንደለመዱ ሰው፣ ሳያነቡ ኢንተርን ይመታሉ።

ታይፒስታችን ጽጌ እናቷ ደሴ ታመውባት ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሦስቴም ተከለከለች።

«ምናለ ጠቋሚዋን ብታዛውራት?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

«ጽጌዬ፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«እዚያ የገተርካት አንተ አይደለህ እንዴ!»

አፈርኩ። በማግስቱ ጠቋሚዋን ወደ «ይፈቀድ» አዛወርኳት። ጽጌ ተፈቅዶላት ሄደች፤ የደረሰችው ግን ለሠልስቱ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሷ በሄደች ዕለት ለእኔም አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «ፕሮግራመሩ ወደ ሰፈራ ጣቢያ እንዲላክ ለአራተኛ ጊዜ የቀረበው ጥያቄ ተፈቅዷል።»

ለካስ «ይከልከል» ላይ ቆማ ሦስቴ ያተረፈችኝ ያቺው ጠቋሚ ኖራለች።