የሐጂ ስም በሐሊማ እጅ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እኔ ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም። የሥራ ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ድልድይ የሠሩ፣ ሆስፒታል ያስተዳደሩ። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሠራሁትም አሶሳ፣ በአንድ የኮምፒውተርና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ፣ የኢንተርኔት ስም በማስመዝገብ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ የምሠራውን ሲጠይቋት «ስም ያወጣል» ትላለች፤ ጎረቤቶቻችንም ክርስትና የማነሳ ይመስላቸዋል።

ሆኖም የሱቁ ባለቤት ጋሽ ታደለ «ከአንተ በኋላ ለሚቀጠሩት ልጆች የሆነውን ጻፍላቸው፤ እኔ ስናገር እንቅልፋቸው ይመጣል» ስላሉኝ ጻፍኩ። ስለ ሐሊማ ብዙ እንደማወራ አስቀድሜ ላሳውቅ። ሥራውን ያለ እሷ ለመተረክ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሄጄ ቆመብኝ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደለ ወንበሬን አሳዩኝ። በሱቁ ውስጥ ሁለት የሠራተኛ ወንበር ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ማራገቢያው የሚደርስበት፣ የሐሊማ ነው። የእኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን፣ የማሽኑ ሙቀት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር።

ሐሊማ የአሶሳ ልጅ ናት። ቤርታኛ፣ አማርኛና ዓረብኛ ትናገራለች፤ ከባምባሲ የመጣ ደንበኛ ሲገባ ደግሞ በኦሮምኛ ሰላም ብላ ታስቀምጠዋለች። እኔ የፓዌ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። የምችለው አማርኛ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሐሊማ አነጋገሬን ጎተት እያደረገች እየቀዳች ታሾፍብኝ ነበር።

«ምን እንደምንሸጥ ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሽ ታደለ።

«ዶሜይን ነው፣ ጋሼ።»

«አንሸጥም። ስም አይሸጥም፤ ይከራያል። በየዓመቱ ይታደሳል። ያላደሰ ይነጠቃል።»

የቀረውን ያስረዳችኝ ሐሊማ ናት። ዋናው መዝገብ እንደ ማዘጋጃ ቤት ነው አለችኝ፤ የትኛው ስም የማን እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ሰው ግን በቀጥታ እዚያ ገብቶ ስም አይጠይቅም። በመካከል ፈቃድ ያላቸው መዝጋቢ ድርጅቶች አሉ። ከደንበኛው ተቀብለው ወደ መዝገቡ የሚያስገቡት፣ ሲታደስ የሚያድሱት፣ ስም ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር የሚያዛውሩት እነሱ ናቸው። ድሮ ለዶት ኮም ይህን የሚሠራ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም እሱ ያለው ነው። ኋላ ለብዙዎች ተከፈተና መዝጋቢዎቹ በደንበኛ መሻማት ጀመሩ።

«እኛስ?» አልኳት።

«እኛ ከእነሱ በታች ነን። ደላላ በለው» አለችና ሳቀች። «ተቀመጥ እንጂ፣ የፓዌ ልጅ። ወንበሬን በዓይንህ ልትበላው ነው።»

የአገራችንን ዶት ኢቲ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ንግድ ፈቃዱንና ደብዳቤውን አስይዘን ወደ አገር ውስጥ ምዝገባ እንልከዋለን። ዶት ኮም ለሚፈልግ ግን ውጭ አገር ባለ መዝጋቢ ዘንድ አካውንት እንከፍትለታለን። ክፍያውን ዱባይ የሚኖረው የጋሽ ታደለ ወንድም በካርዱ ይፈጽማል።

ችግሩ ኢሜይል ነበር። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ኢሜይል የላቸውም፤ የነበራቸውም የይለፍ ቃላቸውን ረስተዋል። ስለዚህ ሱቁ የራሱን ደንብ አወጣ። ደንበኛውን የተቀበለው ሠራተኛ በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ይመዘግብለታል። ያ ደንበኛ ከዚያ በኋላ በዚያ ሠራተኛ «እጅ» ነው ይባላል። ጋሽ ታደለ ስለ አንድ ስም ሲጠይቁ የሚሉት «የማን እጅ ነው?» ነበር።

መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። የሐሊማ። ሆቴሉም፣ የማንጎ ነጋዴውም፣ የግል ክሊኒኩም በሐሊማ እጅ ነበሩ። በእኔ እጅ የነበረው አንድ የሙዚቃ ባንድ ነው፤ እሱም በወሩ ተበተነ።

ከሁሉም በላይ የምመኘው ሐጂ ኢድሪስን ነበር። ሐጂ የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራሉ። የድረ ገጻቸውን ስም በብረት አስቀርጸው፣ ብረቱን በእሳት አግለው፣ በእያንዳንዱ ወንበር መቀመጫ ሥር ያትሙታል። ወንበሩን የወደደ ሰው ገልብጦ ያነባል፤ ከዚያ ያዛል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሌላ አይቼ አላውቅም። ስሙን እንደ እሳቸው የተጠቀመበት አልነበረም።

አንድ ቀን ሐሊማ ምሳ ወጥታ ሐጂ ገቡ። በአማርኛቸው ሴትንም ወንድንም «እሱ» ነው የሚሉት።

«ሐሊማ አለ?»

«ምሳ ወጥታለች፣ ሐጂ። እኔ ልርዳዎት።»

«ተማም፣ ጥሩ። ይመጣል። እጠብቃለሁ።»

ተቀምጠው ጠበቁ። እሷ ስትመጣ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የፈለጉት ፎቶ ኮፒ ነበር። ማሽኑ ያለው ከክርኔ ሥር ነው።

ከዚያ ሐሊማ ሥራ አገኘች። በህዳሴው ግድብ አካባቢ ባለ አንድ የተቋራጭ ቢሮ የመረጃ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረችና ወደ ማንኩሽ ሄደች። ስንሸኛት ሐጂ ኢድሪስ አዲስ ወንበር ተሸክመው መጡ። ለሷ የተሠራ ነው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እሳቸው ራሳቸው አሰሩላት። እኔ ገመዱን ያዝኩ።

በማግስቱ ወደ መስኮቱ ወንበር ተዛወርኩ። በዚያው ሳምንት ማራገቢያው ተቃጠለ።

ደንበኞቹ ግን አልተዛወሩም። ይገባሉ፤ ወንበሩን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። «ሐሊማ ጋ ደውዬ ነበር፤ እንዲህ አድርጉ ብላኛለች» ይሉኛል። ከዚያ እሷ ያለችውን ለእኔ ይነግሩኛል። ያለችው ልክ ስለሚሆን ደግሞ የባሰ ይከፋኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሐጂ ኢድሪስ ስልካቸውን ዘርግተው ገቡ። ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«ይህን እይ።»

በድረ ገጻቸው ቦታ የማስታወቂያ ገጽ ተቀምጧል። የግድቡ ካምፕ ግዢ ክፍል ለእንግዳ ማረፊያው ወንበር አዟቸው ነበር፤ ለተጨማሪ በድረ ገጻቸው በኩል የላከው ትእዛዝም ተመላሽ ሆኗል። ስሙ አልታደሰም። መዝጋቢው ማሳሰቢያ በተደጋጋሚ ልኳል፤ የላከው ግን ወደ ሐሊማ ኢሜይል ነው።

ወደ አካውንቱ ለመግባት ሞከርኩ። መግቢያ ኮዱ ወደ ሐሊማ ስልክ ሄደ። ስልኳ ላይ ስደውል ማግኘት አይችሉም አለኝ፤ ማንኩሽ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር። ለመዝጋቢው ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ፤ የምንነጋገረው ከተመዘገበው የስሙ ባለቤት ጋር ብቻ ነው አሉ። የባለቤቱን ቦታ ከፍቼ አየሁ። ሐሊማ ይላል። የአባቷም ስም አለ።

ደንቡን አውቀው ነበር። በዓይኔ ተጽፎ ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ። የሐጂ ስም እንኳ የሷ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

ነገርኳቸው። ስሙ ቀኑ ቢያልፍም መዝጋቢው ለጊዜው ያቆየዋል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ማስመለሱ ይከብዳል፤ እሱም ካለፈ ለማንም ይለቀቃል። እንዲህ የሚለቀቅ ስም ለመንጠቅ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ሐጂ ሱቁ ውስጥ ያለውን፣ እሳቸው የሠሩትን ወንበር ገልብጠው መቀመጫው ሥር ያለውን እትም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«በእሳት አትሜያለሁ። አዲስ አበባ አለ፣ ጎንደር አለ፣ ግድቡ አለ። ሰው ይገለብጣል፣ ያነባል፣ ሌላ ሰው ቤት ይገባል? የኔ ወንበር ሌላ ሰው ይጠራል?»

«ካልታደሰ፣ አዎ።»

«ኸላስ፣ በቃ። ሐሊማ ይሠራል።»

ሐጂ የካምፑን ወንበሮች ጭነው በማግስቱ ወደ ማንኩሽ ሊሄዱ ነበር። ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። «አብረህ ሂድ። አሳድሳትና ስሙን ወደ አንተ እጅ አዛውረህ ና።»

ወደ አንተ እጅ ሲሉ ደስታዬን በፊቴ ላይ እንዳያዩ ጎንበስ ብዬ ቻርጀር መፈለግ ጀመርኩ።

በአይሱዙ፣ በሹፌሩና በሐጂ መካከል ተቀምጬ ሄድኩ። ከኋላችን ቀርከሃው ይንቋቋል። ከሆሞሻ ጀምሮ ሐጂ ስለ ሐሊማ አወሩ። ሐሊማ ስሙን ሲመርጥ እንዴት አጭር ይሁን እንዳለ፤ ሐሊማ ልጃቸው ሲታመም እንዴት ክሊኒክ እንደደወለ። ስሙን በሞተሩ ጩኸት ያልሰማው ሹፌር የሚያወሩት ስለ ወንድ ልጅ መስሎት «ሐጂ፣ ሴት ልጅዎን ለምን አይድሩለትም?» አላቸው። ሐጂ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እኔ መንገዱን አየሁ።

«አንተም ጥሩ ነህ» አሉኝ መጨረሻ ላይ፣ ጉልበቴን መታ አድርገው። ለማጽናናት ነው ያሉት፤ አልተጽናናሁም።

ማንኩሽ ስንደርስ ሐሊማ ከቢሮ ወጥታ ሮጠች። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉላት፤ በቤርታኛ ብዙ አወሩ። ያን ያህል ሲያወሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የሸለሟት ወንበር በደጃፏ ነበር። ሐጂ መጀመሪያ እሱን ገልብጠው እትሙን አዩ፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«ኢሜይሌን ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ ወላሂ ኔትወርኩ ነው» አለች። ደንግጣ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ነው ብቅ ጥልቅ ማለት የጀመረው። የሚይዘው እዚያ፣ ውሃ ታንከሩ ጎን ነው።»

ወንበሩን ተሸክመን ወደ ታንከሩ ሄድን። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የተቀመጠችበት እሷ ናት። ኮዱ መጣ። አካውንቱ ተከፈተ። ስሙ ገና አልተለቀቀም ነበር። ጋሽ ታደለ ጋ ደወልን፤ ወንድማቸው ከፈለ። ገጹን ደጋግመን ከፈትነው፤ መጨረሻ ላይ «ታድሷል» የሚል ቃል መጣ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ባለቤት መቀየሪያውን እሷ ከፈተች። ኢሜይሌን ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሐጂ፣ ስልክዎን ይስጡኝ። ኢሜይል ልክፈትልዎ።»

«ሐሊማ» አልኳት፣ «በሱቁ ደንብ በእኔ እጅ ነው መሆን ያለበት።»

«ደንቡ ነው አንተን በአይሱዙ እዚህ ያመጣህ።»

«አንቺ ስለሄድሽ ነው። እኔ የትም አልሄድም።»

«ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አይደል? የዚያን ቀን በአይሱዙ ተጭኖ ማን ይምጣልህ?»

ሐጂ ከመሬት ሆነው በየተራ አዩን።

«እኔ ኢሜይል ምን ይሠራል? ለልጄ ለሳፊያ አርጉ።»

«ሳፊያም ነገ ታገባለች፣ ሐጂ። የእርስዎ ይሁን።»

ከፈተችላቸው። የይለፍ ቃል ያስገቡ ሲል ስልኩን ሰጠቻቸው። ሐጂ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ በሌላው እጃቸው ጋረዱና አንድ በአንድ ጻፉ። እኔ አንገቴን አሰገግኩ፤ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሐሊማ «ልክ ነው ወይ፣ ልይልዎ» ስትል ለሷም ጀርባቸውን ሰጧት።

«አይታይም» አሉ። «ለሱም ለሱም አይታይም።»

የሐሊማ ፊት ትንሽ ሲለወጥ አየሁ። በዚያ ጉዞ ሁሉ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

የመዝጋቢው ሥርዓት ቀድሞ የነበረውም ባለቤት አዲሱም ባለቤት በየኢሜይላቸው እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ሐሊማ አረጋገጠች። ለሐጂ የመጣላቸውን ደብዳቤ ሐሊማ አነበበችላቸው፤ ማረጋገጫውን እሳቸው በራሳቸው ጣት ተጫኑት። በባለቤቱ ቦታ ላይ «ኢድሪስ» የሚል ስም ሲወጣ፣ ሐሊማን አስነስተው ወንበሩን ገለበጡ፤ ስልኩን ወደ መቀመጫው ሥር አስጠግተው እትሙንና ስክሪኑን አስተያዩ።

አሶሳ ስመለስ ለጋሽ ታደለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭንቅላታቸውን አሻሹና «ታዲያ በእጅ የሚባለው ነገር ይቅር» አሉ። በሐሊማ እጅ የነበሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ ጠራን። ኢሜይል ከፈትንላቸው፤ በየስማቸው አዛወርን። እኔ ሥራውን ስሠራ ሐሊማ ከማንኩሽ ኮድ ትልካለች። የመስኮቱን ወንበር ባገኘሁበት ዓመት በእጅ መያዝ የሚባለው ቀረ። ከሐሊማ ደንበኞች አንድም ሰው በእኔ እጅ ሳይሆን።

ሐጂ ኢድሪስ ከዚያ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ፣ ፎቶ ኮፒ ሲፈልጉ ወረቀቱን ቀጥታ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ሐሊማ ለበዓል ስትመጣ ግን እስከ ሱቁ በር ድረስ ወጥተው ይቀበሏት ነበር። ይህ ዛሬም ይከነክነኛል።

ለአዲሶቹ ልጆች የምለው አንድ ነገር ነው። ስም የሚመዘገበው በደንበኛው ስም፣ በደንበኛው ኢሜይልና በደንበኛው ስልክ ነው። ኢሜይል ከሌለው መጀመሪያ ኢሜይል ይከፈትለታል። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ፊታችሁን አዙሩ።

በሐሊማ እጅ የቀረው የመጨረሻ ስም የማንጎ ነጋዴው ነበር። እሱም ወደ ራሱ ወደ ነጋዴው የተዛወረው ባለፈው ዓመት፣ በሰኔ ሚካኤል፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው።