ትውልዳችንን የጻፍሁለት ጠበቃ

ስለዚያ ጠበቃ ስጠየቅ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ መልስ የለኝም። ሌባ ነው ብዬ እጀምርና መሀል ላይ አፌ ይተሳሰርብኛል። የቢቸና ከተማም ብትሆን ስለ እሱ እንደ እኔው ግራ የገባት ነበረች። እህቱ የሀገረ ገዢውን ወንድም ስላገባች፣ ችሎት ሲገባ ዳኞቹ ሳይቀሩ ከተደገፉበት ቀና ይሉለት ነበር። አንድ ጊዜ የታሰሩ ገበሬዎችን በአንድ ቀን አስፈታ፤ ሚስቶቻቸው ጉልበቱን ሳሙ። በማግሥቱ ደግሞ ያሳሰራቸውም እሱ ራሱ ነው ተባለ። ሰዉ ሲረግመው ይከርምና ነገር ሲገጥመው ደጁን ይጠናል።

እኛም ደጁን ጠናን። አባቴ ሞጣ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም እዚያው አስተማሪ ነኝ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከአያታቸው የደረሳቸው ርስት ግን ያለው ቢቸና አጠገብ ነው። ያን መሬት የአጎታቸው ልጅ “ለደብተራ ምን ይሠራለታል” ብሎ አርሶ ያዘባቸው። ለአባቴ መሬቱ እህል ብቻ አልነበረም። በእኛ አገር ርስት የሌለው ሰው የትም ቢሄድ እንግዳ ነው፤ እሳቸውም እንግዳ ሆነው መሞትን ፈሩ።

ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘን ጠበቃው ዘንድ ደረስን። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ቁመቱም ንግግሩም አጭር ነው።

“ከየት ይጀምሩልኛል፣ መሪጌታ?” አለ።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” አሉና አባቴ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት ጀመሩለት።

ርስት የሚገኘው ከዚያ ከዋናው አባት መወለድን በመቁጠር ነው። በእናትም ይሁን በአባት የሚደርስ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ትውልድ እንደ ጎተራ ቁልፍ ይጠበቃል፤ ለባዳ ቀርቶ ለገዛ ልጅ እንኳ ሙሉው ቶሎ አይነገርም። ለሙግቱ የሚበቃው የአባቴ የራሳቸው ሐረግ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ሊቅ ናቸውና አንዱን ጀምሮ ሌላውን መተው አይሆንላቸውም። የዋናውን አባት ሰባት ልጆች ከነተዳሩበት አገር ዘረገፏቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ያምራል ብዬም እኮራ ነበር። ወደ መርጡለ ማርያም የተዳረችው ሴት ልጅ ላይ ስንደርስ ጠበቃው “እስቲ እሷን ይድገሙልኝ” አለ። አባቴ ደስ ብሏቸው እስከ ልጅ ልጆቿ ደገሙለት። እኔም ትጉህ ጠበቃ አገኘን አልሁ።

ሌላው ሰው ዕድሜውን የሚመላለስበትን ሙግት በሦስት ቀጠሮ ረታልን። በሕግ ይርታ በአማቹ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም፤ የረታ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ዓመት ሳይሞላ መጥሪያ መጣልን። ከሳሹ ራሱ ጠበቃው ነው። ወደ መርጡለ ማርያም ከተዳረችው ሴት የልጅ ልጆች አንዷ ቅድመ አያቱ ኖራለች፤ ባዳ ነው ብለን ጓዳችንን ያሳየነው ሰው ድርሻዬን አለ። ማስረጃው እኔ የጻፍሁት ወረቀት ነበር። ችሎት ላይ ሲያወጣው እጄን ቁረጪው ቁረጪው አለኝ።

“ምስክር አልቆጥርም” አለ ለዳኞቹ። “መሪጌታ ወንጌል መትተው ‘ወገኔ አይደለህም’ ብለው ከማሉ መሬቱን እተዋለሁ።”

ከኋላዬ የቆሙት “ይማሉ በያቸው፤ ንስሐ ለምን ተሠራ?” ይሉኛል። አልዋሽም፣ እኔም እንዲምሉ ፈለግሁ። አባቴ እጃቸውን ወንጌሉ ላይ ሳያሳርፉ ጠበቃውን ትክ ብለው አዩት። እስከዚያን ቀን ድረስ “እርስዎ” ነበር የሚሉት።

“አንተማ ወገኔ ነህ” አሉት። “ስድስተኛ ቤት ላይ እንገናኛለን።”

ዳኞቹ የመሬቱን እኩሌታ ፈረዱለት፤ ያውም ምንጭ ያለበትን በኩል።

ስንወጣ ተከትሎን መጣና የአባቴን ጉልበት ሳመ። “እንደማይዋሹ ዐውቄ ነው” አላቸው። ይህ ንግግር ስድብ ይሁን ክብር ዛሬም አልገባኝም። ስንቱን ቀጣፊ በቅጥፈቱ ሲረታ የኖረ ሰው አባቴን በሐቃቸው ረታቸው። እሳቸው ግን “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ” ብለው ሳቁ። እጅግ ተናደድሁባቸው።

ከዚያ ወዲያ በየመከሩ ጤፍ ጭኖ ይልክልን ጀመር፤ ከገዛ መሬታችን የበቀለ ጤፍ። አባቴ እየመረቁት ይበላሉ፣ እኔ እየረገምሁት እበላለሁ። ጤፉ ግን ጥሩ ጤፍ ነበር።

አባቴ ታመው ሲደክሙ ለሁለቱም ዘመዶች መልእክት ላክሁ። የአጎታቸው ልጅ ቂሙን አልረሳምና ቀረ። ጠበቃው ግን በቀብሩ ዕለት ጧት በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። ነጠላውን አደግድጎ ከራስጌያቸው ቆመና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከልቡ ይሁን የችሎት ልማዱ ሆኖበት መለየት አቃተኝ። ልጠላው ፈለግሁ፤ እንባው ደግሞ የእኔን እንባ ጎተተው።

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል የደብሩ አለቃ ጠጋ አሉኝ።

“ልጄ፣ ከፊት የሚሸከም የሥጋ ዘመድ ማን አለ?”

ግቢውን ዞሬ አየሁ። ጎረቤት ሞልቷል፣ የአባቴ ተማሪዎች ሞልተዋል። ከሥጋችን የሆነ ግን መሬታችንን ከወሰደው ሰው በቀር አንድም አልነበረም። ወደ እሱ አመለከትሁ።

“እሱ አለ” አልሁ። “አጎቴ ነው።”